ሕመሙ ጠፋ ማለት ጥርሱ ዳነ ማለት አይደለም

ጥያቄው፦ «ዶክተር፣ 32 ዓመቴ ነው፤ ልብስ ሱቅ ነው የምሠራው። ከታች በቀኝ በኩል ያለው መንጋጋዬ ከተቦረቦረ ቆይቷል። ባለፈው ወር ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቼ ጨረስኩ፤ ሕመሙም ጠፋ። አሁን ቀዝቃዛም ሙቅም ምንም አያደርገኝም። ታዲያ መታከም ያስፈልገኛል? እናቴ ትል ነው፣ በጊዜ አስነቅይው ትለኛለች፤ ማስነቀል ደግሞ ዓይን ያጠፋል ሲባል ሰምቼ ፈራሁ። ጥርሴን በየቀኑ ጠዋት እቦርሻለሁ፤ ጣፋጭም አልወድም፤ ሻይ ብቻ ነው የማበዛው፤ ታዲያ ለምን ተቦረቦረ? ባለቤቴ የመቂ ልጅ ነው፤ ጥርሴን ያበለዘው ፍሎራይድ ነው እያለ ፍሎራይድ የሌለበት የጥርስ ሳሙና ነው የሚገዛልን። የ7 ዓመት ልጄም ኋላ ባለው ጥርሷ ላይ ጥቁር ነገር አይቻለሁ፤ የወተት ጥርስ ስለሆነ ይወድቃል ብዬ ትቼዋለሁ።»

እህቴ፣ የጠየቅሽው ብዙ ነው፤ አንዱ ግን ስለሚያስቸኩል ከእሱ ልጀምር። አዎ፣ መታከም አለብሽ። ሲመቸኝ ብለሽ ሳይሆን በዚህ ሳምንት። እንዲያውም ይበልጥ ያሳሰበኝ ሕመሙ መጥፋቱ ነው።

ጥርስ ከውጭ ወደ ውስጥ ሦስት ነገር ነው። ነጩ፣ የሚታየን ክፍል ኢናሜል ይባላል። ከሰውነታችን ሁሉ የሚጠነክረው እሱ ነው፤ አጥንት እንኳ አይስተካከለውም፤ ከክብደቱ ወደ 96 በመቶው ማዕድን ነው። ነርቭ ስለሌለው አያምም። ከሥሩ ዴንቲን አለ፤ ቢጫ ቢጤ ነው፣ ከኢናሜል ይለሰልሳል፣ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ውስጥ ይዘልቁበታል። መሃሉ ላይ ደግሞ የደም ሥርና ነርቭ የያዘ ለስላሳ ሥጋ አለ፤ ሁላችንም በልማድ «ነርቩ» የምንለው ማለት ነው። ይሄ ለስላሳ ክፍል ዙሪያውን በጠንካራ ግድግዳ የታጠረ ነው። እጅሽ ሲቆጣ ያብጣል፤ እሱ ግን ማበጫ ቦታ የለውም፤ ግፊቱ እዚያው ነርቩ ላይ ያርፋል። ጋደም ስትይ ደግሞ ወደ ጭንቅላት የሚመጣው ደም ስለሚጨምር ይብስበታል። ሌሊት ተነስተሽ ቁጭ ስትይ ትንሽ ቀለል ይልሽ ከነበረ ለዚህ ይመስለኛል።

ሕመሙ ራሱ ደረጃ አለው። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ስትጠጪ ጠቅ ያደርግና ወዲያው ይተዋል። ያኔ ነርቩ ገና ደህና ነው፤ ጥርሱን ማስሞላት ይበቃል። ቀጥሎ ሙቅ ነገር ሲነካው ይነሳና ለደቂቃዎች አልለቅም ይላል። ከዚያ ምንም ሳይነካው በራሱ ጊዜ ይጀምራል፣ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል፣ ወደ ጆሮና ወደ ግማሽ ጭንቅላት ይሄዳል፣ የላይኛው ይሁን የታችኛው መለየት እስኪያቅት ድረስ። እዚህ የደረሰ ነርቭ አይመለስም። ከዚያ አንድ ቀን ጸጥ። ቀዝቃዛም ሙቅም አይሰማውም፤ ምክንያቱም የሚሰማው አካል ሞቷል።

የጻፍሽው ነገር ከዚህ ጋር ልክክ ይላል። ሳላይሽ እርግጠኛ ነኝ ልልሽ አልችልም፤ ለዚህ ራጅና የቅዝቃዜ ምርመራ ያስፈልጋል። ግን በዚህ መልክ የመጣና የሄደ ሕመም ሲነገረኝ መጀመሪያ የማስበው የሞተ ነርቭን ነው።

«መድኃኒቱ አዳነኝ» ብለሽ ብታስቢ አይፈረድብሽም፤ ሕመሙ የጠፋው መድኃኒቱን ስትጨርሺ ነዋ። ግን አሞክሳሲሊን አንቲባዮቲክ፣ ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት ነው፤ አንቲባዮቲክ ደግሞ የሚጓዘው በደም ነው። የሞተ ነርቭ ጋ ደም አይደርስም። ገና በሕይወት ያለና የተቆጣ ነርቭ ላይም ቢሆን አሞክሳሲሊን ሕመሙን አያስታግስም። ሰው ለጥርስ ሕመም አንቲባዮቲክ ወስዶ ከዳነ አብዛኛውን ጊዜ የሆነው ይሄ ነው፦ መድኃኒቱ ሳያልቅ ነርቩ አለቀ። በዚህ አጋጣሚ ስንቱ ሰው ጥርሱን እንዳጣ ሳስብ ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም ሕመም ሲጠፋ ሐኪም ጋ የሚሄድ ሰው ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው አታላዩ። በሞተው ነርቭ ቦታ ባክቴሪያ ይራባል፤ ደም ስለሌለ የሚከላከለው የለም። ቀስ እያለ በሥሩ ጫፍ በኩል ወደ መንጋጋ አጥንት ይወጣና አጥንቱን ይበላል። ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ ዓመትም፤ ያለ አንዳች ሕመም። አልፎ አልፎ ድድ ላይ ብጉር የምትመስል ነገር ትወጣና መግል አፍስሳ ትጠፋለች፣ ትመለሳለች። ጉንፋን ወይም ድካም ሲመጣ ደግሞ በአንድ ሌሊት ጉንጭ ሊያብጥ ይችላል።

አሁን «ጠዋት ጠዋት እየቦረሽኩ ለምን ተቦረቦረ?» ወዳልሽው ልምጣ።

ትል የለም። እናትሽን ግን አልወቅሳቸውም፤ ጥርስን የሚበላው ትል ነው የሚለው እምነት ከጥንት ባቢሎን ጀምሮ በብዙ አገር ሲነገር የኖረ ነው። ነገሩን በማስረጃ ያፈረሰው በርሊን ይሠራ የነበረው አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም ዊሎቢ ሚለር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተመው ሥራ በአፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች የምግብ ትራፊን ወደ አሲድ እንደሚቀይሩ፣ ጥርስን የሚያሟሟውም ያ አሲድ እንደሆነ አሳየ። ዛሬም የምናስተምረው መሠረቱ እሱ ነው። ትሉን እናወጣለን ብለው የአስተናግር ፍሬ የሚያጥኑ ሰዎች ካሉ ግን አደራ እንዳትሄጂ፤ አስተናግር መርዘኛ ተክል ነው፤ ጭሱም አእምሮ ያስታል፣ ልብን ያስቸግራል።

ጠዋት ከእንቅልፍሽ ስትነሺ ጥርስሽን በምላስሽ ብትዳስሺው የሚያጣብቅ ነገር አለ አይደል? የባክቴሪያ ሰፈር ነው እሱ። ከነዋሪዎቹ በማቦርቦር ዋናው ተጠያቂ ስትሬፕቶኮከስ ሙታንስ ይባላል። ስኳር በገባ በደቂቃዎች ውስጥ አሲድ ያመርታል። የአሲድ መለኪያው ፒኤች ይባላል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል። አፍ ውስጥ ፒኤች 5.5 አካባቢና ከዚያ በታች ሲወርድ ኢናሜል ካልሲየምና ፎስፌት መልቀቅ ይጀምራል። ከዚያ ምራቅ ይደርስለታል። ምራቅ አሲዱን ያረክሳል፣ የወጣውንም ማዕድን መልሶ ያስገባል። ግን ጊዜ ይፈልጋል፦ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት።

እንግዲህ ሻይሽን አስቢው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ በብርጭቆ ሻይ ይመጣልሻል፤ ሁለት ማንኪያ ስኳር አለው። አንዴ ትጎነጪና ደንበኛ ይገባል፤ ብርጭቆውን ከቆጣሪው ሥር ታስቀምጪዋለሽ። ልብሱን አሳይተሽ ስትመለሺ ደግመሽ ትጎነጫለሽ። ሻዩ ቀዝቅዞም አይጣልም። በአንድ ብርጭቆ አንድ ሰዓት ተኩል ሄደ፤ ከዚያ ሌላው ይመጣል። ምራቅሽ አሲዱን አርክሶ ሳይጨርስ አዲስ ስኳር ይገባል። ጥርስሽ ቀኑን ሙሉ ማዕድን ሲያወጣ ይውላል እንጂ የሚመልስበት ፋታ የለውም።

ለዚህ ነው ስኳሩ ስንት ነው ከማለት ይልቅ በቀን ስንት ጊዜ ነው ብዬ የምጠይቀው። ሁለት ሻይ በአንዴ ከቁርስ ጋር የጠጣ ሰው አንዷን ሻይ እስከ ምሳ ከሚያዘግም ሰው በጣም የተሻለ ነው። ይሄን ያሳየን ጥናት መደረግ ያልነበረበት ጥናት ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ስዊድን፣ ሉንድ ውስጥ ቪፔሆልም በተባለ ተቋም የነበሩ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ታካሚዎች ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ ስኳር በተለያየ መልክ ይሰጣቸው ነበር። ከምግብ ጋር የተሰጣቸው ብዙም አልተጎዱም። በምግብ መሃል የሚጣበቅ ከረሜላ የተሰጣቸው ግን ጥርሳቸው አለቀ። ዕውቀቱ የመጣው በነዚያ ሰዎች ሥቃይ ስለሆነ ቢያንስ ልንጠቀምበት ይገባል እላለሁ።

ቡናም እንዲሁ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ሦስቱም በስኳር ከሆኑና መሃል ላይ ፈንዲሻው በስኳር ከተቀመመ አፍ ለሁለት ሰዓት አሲድ ውስጥ ነው። ቡናውን አትተዪው፤ ስኳሩን ተዪለት፤ ካቃተሽ አቦሉ ላይ ብቻ አድርጊው። ጫት የሚቅሙ ሰዎች ደግሞ ምሬቱን ለመቁረጥ ስኳር ወይም ለስላሳ ከጎን ይዘው ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ስለሚቆዩ፣ በሚቅሙበት ጎን ያሉት መንጋጋዎች በድዱ ጠርዝ ዙሪያ ተቦርቡረው ይመጣሉ። «ጣፋጭ አልወድም» የሚለኝ ሰው ብዙ ጊዜ ከረሜላና ኬክ ማለቱ ነው። ባክቴሪያው ግን ከኬክ ይምጣ ከሻይ አይለይም።

ጠዋት መቦረሽሽ ጥሩ ነው፤ የጎደለው የማታው ነው። ስንተኛ ምራቅ በጣም ይቀንሳል። ራት ላይ የበላሽውና ከራት በኋላ የጠጣሽው ሻይ ያለ ጠባቂ ሌሊቱን ጥርስሽ ላይ ያድራል። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምቦርሸው ካልሽ የማታውን ምረጪ። መፋቂያም ቢሆን፣ የወይራም ሆነ የክትክታ፣ በደንብ ከታኘከና በትዕግሥት ከተፋቀበት ያጸዳል፤ አልንቀውም። ችግሩ ሰው ፊት ለፊት ያሉትን ጥርሶች ነው የሚፍቅበት፤ ጥርስ የሚቦረቦረው ግን በብዛት ኋላ ነው፣ በመንጋጋው ስንጥቆች ውስጥና በሁለት ጥርሶች መሃል። ደግሞም ፍሎራይድ፣ ጥርስን ከአሲድ የሚከላከለው ማዕድን፣ የለውም።

ስለ ፍሎራይድ፣ ባለቤትሽ ግማሹ እውነት አለው፤ ግማሹን ይዞ ግን የቤቱን ሰው ሁሉ ጎድቷል። መቂ፣ ባቱ፣ ወንጂ፣ ባጠቃላይ ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ያለው የጉድጓድ ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በዚያ አካባቢ ከዚህ ብዙ እጥፍ የሆኑ ጉድጓዶች አሉ። ልጅ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ፣ እስከ 8 ዓመት ገደማ፣ ያን ውሃ እየዋጠ ካደገ ኢናሜሉ ሲወጣ በልዞ፣ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። የባለቤትሽ ጥርስ የሆነው ይሄ ነው። ግን ያ መቦርቦር አይደለም፤ ሌላ ነገር ነው። አንዴ ተሠርቶ የወጣ ጥርስ ደግሞ ከዚያ በኋላ በፍሎራይድ አይበልዝም። አንቺ በ32 ዓመትሽ ብትቦርሺበት፣ ከቦረሽሽም በኋላ ብትተፊው፣ የሚሰጥሽ ጥቅም ብቻ ነው፦ ጥርሱ ላይ ሲቀመጥ ማዕድኑ ቶሎ እንዲመለስ ይረዳል፤ አዲስ የሚፈጠረውም ማዕድን ለአሲድ ይበልጥ ይከብዳል፣ ፒኤች 4.5 አካባቢ ካልደረሰ አይሟሟም። ስለዚህ ሳሙናውን ቀይሪ። ከጀርባው 1000 እስከ 1500 ፒፒኤም ፍሎራይድ የሚል ይሁን። ከቦረሽሽ በኋላ ትርፉን ተፊና በውሃ አትጉመጥመጪ፤ ትንሽ ይቆይበት። ይሄ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነው፤ ለፍቶ ቦርሾ መድኃኒቱን በውሃ አጥቦ ይደፋዋል። እናንተ ከሥራ ጉዳይ ወደ መቂ ተመልሳችሁ የምትኖሩ ከሆነ ግን ለልጅሽ የመጠጥ ውሃ ከየት እንደሚመጣ አጣሪ። ለእሷ ወሳኙ ውሃው ነው።

የመቦርቦር የመጀመሪያ ምልክት ቀዳዳ አይደለም። ኖራ የመሰለ፣ ማብረቅረቅ ያቆመ ነጭ ነጠብጣብ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በድድ ጠርዝ በኩል። እዚያ ላይ ከተደረሰበት መሰርሰሪያ አያስፈልግም፤ ስኳሩን በመቀነስና በፍሎራይድ ይመለሳል። ገጽታው ፈርሶ ቀዳዳ ከሆነ በኋላ ግን ጥርስ እንደ ቆዳ ቁስል ራሱን አይደፍንም። ዴንቲን ላይ ሲደርስ ደግሞ ወደ ጎን ይስፋፋል። ከላይ ስታዪው የመርፌ ጫፍ የማታስገባ ጥቁር ነጥብ ናት፤ በመሰርሰሪያ ስንከፍታት ግን ከሥሯ ቡናማ፣ የራሰ፣ በትንሿ ማንኪያችን እየተፋቀ የሚወጣ ዴንቲን እናገኛለን፤ አንዳንዴ ግማሽ ጥርሱን ይዞ። ከላይ ልጣጩ ጤነኛ የሚመስል ድንች ውስጡ በስብሶ እንደሚገኘው ማለት ነው። ታካሚው «ትንሽ ናት እኮ» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ የሚታየው ትንሽ ነው። በጥርሶች መሃል የጀመረውማ በራጅ ካልሆነ ጭራሽ አይታይም።

አንቺ ስትሄጂ የሚሆነው እንዲህ ነው። ሐኪሙ ጥርሱን በቀዝቃዛ ነገር ይነካዋል፣ በመሣሪያ እጀታ ቀስ አድርጎ ያንኳኳዋል፣ ራጅ ያነሳዋል። በሥሩ ጫፍ ላይ ጥላ ከታየ አጥንቱ መበላት ጀምሯል ማለት ነው። ከዚያ ምርጫው ሁለት ነው፦ የሥር ሕክምና ወይም ማስነቀል። ተራ ሙሌት ለዚህ ጥርስ አይሆንም። ነርቩ መሞቱ ከተረጋገጠና የሆነ ቦታ «ከላይ ሞልተን እንልክሻለን» ካሉሽ ተነስተሽ ውጪ፤ ጀርሙን ቆልፈውበት ነው የሚልኩሽ።

የሥር ሕክምና፣ ሩት ካናል የሚሉት፣ ስሙ ያስፈራል እንጂ ማደንዘዣው በደንብ ከያዘ ጥርስ ከመሙላት ብዙም አይለይም። የታችኛው መንጋጋ ጥርስ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሥርና ነርቩ የሚያልፍበት ሦስት ቦይ አለው፤ አንዳንዴ አራት። ጥርሱን በስስ ጎማ ይጋርዱታል፣ ምራቅ እንዳይገባ፣ መሣሪያም ወደ ጉሮሮ እንዳይወድቅ። ከላይ ይከፍቱና እንደ መርፌ በቀጠኑ ሞረዶች እያንዳንዱን ቦይ እስከ ጫፉ ይሞርዳሉ። በየመሃሉ በሶዲየም ሃይፖክሎራይት ያጥቡታል፤ ቤት ካለው በረኪና ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ሽታው ቢመጣብሽ አትደንግጪ። ባክቴሪያውን የሚገድለውና የሞተውን ሥጋ የሚያሟሟው እሱ ነው። ሲጸዳና ሲደርቅ ጉታ ፐርቻ በሚባል ከዛፍ ሙጫ የሚሠራ ጎማ መሰል ነገር ይሞሉታል። አንድ ቀጠሮ ሊበቃ ይችላል፣ መግል ካለ ሁለት ወይም ሦስት። ካለቀ በኋላም ለጥቂት ቀናት ሲነክሱበት ቢያምም ያለ ነው።

ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ሕመሙ ስለሌለ ጥርሱ ላይ የሚጠለቀውን ሽፋን፣ ክራውኑን ማለቴ ነው፣ ሳያስገባ ይቀራል። ያ ጥርስ መሃሉ ተቦርቡሮ ግድግዳው ብቻ ነው የቀረው። አንድ ቀን ቆሎ ሲቆረጠም ለሁለት ይሰነጠቅና ያን ሁሉ ገንዘብ የወጣበት ጥርስ ይነቀላል። ስለዚህ ዋጋ ስትጠይቂ የሥር ሕክምናውንና የሽፋኑን አንድ ላይ ጠይቂ። ገንዘቡ ባንዴ ካልሞላ በየቀጠሮው ከፋፍለሽ መክፈል ይቻል እንደሆነ ጠይቂ፤ ብዙ ክሊኒክ እሺ ይላል። በመንግሥት ሆስፒታል ይረክሳል፤ ወረፋው ይረዝማል።

ገንዘቡ ጨርሶ የማይቻል ከሆነ፣ ወይም ጥርሱ ከድድ በታች ድረስ ከፈረሰ፣ ይነቀል። የሚያሳፍር ነገር የለውም። የሞተና የተመረዘ ጥርስ አፍ ውስጥ ተሸክሞ ከመኖር ይሻላል፤ ትንሹ ጉዳት ያለው እሱ ጋ ነው። ዋጋ ግን ያስከፍላል፦ ፊት ለፊቱ ያለው የላይኛው ጥርስ ወደ ታች ይወርዳል፣ የኋላው ወደ ክፍተቱ ያዘነብላል፣ ሰውም በአንድ ጎኑ ብቻ ማኘክ ይለምዳል። ከተነቀለ በኋላ ፋሻውን ለግማሽ ሰዓት ያህል ነክሰሽ ያዢ። በዚያ ቀን አትጉመጥመጪ፣ ደጋግመሽ አትትፊ፣ በስትሮ አትጠጪ፣ አረቄም አታድርጊበት። ጉድጓዱን የሚደፍነው የረጋው ደም ነው፤ እሱ ከተነሳ በሦስተኛው ቀን ገደማ ከመጀመሪያው የባሰ ሕመም ይመጣል።

ዓይንሽን በተመለከተ አትፍሪ። የጥርስ ነርቭ ሌላ ነው፣ የማየት ነርቭ ሌላ። ያንቺ ጥርስ ደግሞ የታችኛው መንጋጋ ላይ ነው ያለው። ወሬው የመጣው ከዚህ ይመስለኛል፦ የላይኛው ክራንቻ መግል ሲይዝ እብጠቱ ወደ ዓይን ሥር ይወጣል፣ ዓይንም እስኪከደን ያብጣል። ሰው እንደዚያ ሆኖ ሄዶ ሲነቀልለት ጥፋቱ ወደ ነቀላው ይዞራል። ዓይንን ሊያሰጋ የሚችለው ያልታከመው መግል ነው።

እስክትሄጂ ድረስ ከመለሰብሽ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ከምግብ ጋር፣ ወይም ፓራሲታሞል 1 ግራም ውሰጂ፤ ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድም ይቻላል። ፓራሲታሞሉ በቀን ከ4 ግራም አይለፍ። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም እርግዝና ካለ አይቡፕሮፌኑን ተዪው፤ ዳይክሎፌናክንም እንዲሁ። ቅርንፉድ ያደነዝዛል፣ እውነት ነው፤ ውስጡ ያለውን ዩጂኖል እኛም እንጠቀምበታለን፤ ግን ማስታገሻ እንጂ ማዳኛ አይደለም። ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጦ ድድ ላይ ማሰርን ግን አደራ፤ ድዱን ያቃጥለውና ሁለት ሕመም ይዘሽ ትመጫለሽ። አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥም ያው ነው።

እነዚህ ከታዩ ደግሞ ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም፣ በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፦ ከአገጭ ሥር ወይም ወደ አንገት የወረደ እብጠት፣ አፍ አልከፈት ማለት፣ ምራቅ መዋጥ ማቃት፣ ምላስ ወደ ላይ መነሳት፣ ትኩሳት ከብርድ ብርድ ጋር፣ ለመተንፈስ መቸገር። ከታች መንጋጋ የተነሳ መግል ወደ ጉሮሮ ሲወርድ መተንፈሻ ይዘጋል። በዚህ የሚሞት ሰው አለ። አንቲባዮቲክ እውነተኛ ቦታው እዚህ ነው፤ እሱም መግሉ ከወጣለት ጋር።

ወደ ልጅሽ ልምጣ፤ ምናልባት ከጻፍሽው ሁሉ ያስጨነቀኝ የእሷ ነው።

በ6 ዓመት ገደማ ከወተት ጥርሶች ሁሉ ኋላ አንድ ትልቅ መንጋጋ ይወጣል፤ አራት ናቸው፣ በየአቅጣጫው አንድ። ሲወጡ ምንም ጥርስ ወድቆላቸው አይደለም። በዚህ የተነሳ ወላጅ አያያቸውም፣ ቢያያቸውም የወተት ናቸው ብሎ ያልፋል። እነዚህ ቋሚ ናቸው። የዕድሜ ልክ። አዲስ ሲወጡ ኢናሜላቸው ገና በደንብ አልጠነከረም፣ ስንጥቃቸው ጥልቅ ነው፣ ቡሩሹም አይደርስባቸውም። ያንቺም የተቦረቦረው መንጋጋ ይሄው የመጀመሪያው ቋሚ ቢሆን አይገርመኝም።

ዛሬ ማታ አፏን በብርሃን አሳይኝ በያት። ከፊት፣ ከመሃል ጀምረሽ ወደ ኋላ ቁጠሪ፤ የወለቀ ጥርስ ካለ ክፍተቱንም እንደ አንድ ቁጠሪው። የወተት ጥርስ በአንድ ጎን አምስት ብቻ ነው። ጥቁሩ ስድስተኛው ላይ ከሆነ ያ ጥርስ አይወድቅም፣ ምትክም የለውም። አምስተኛው ወይም አራተኛው ከሆነ የወተት ነው፤ ያም ቢሆን ዝም አይባልም። የወተት መንጋጋ እስከ 10፣ 12 ዓመት ድረስ የሚቆይ ነው፤ ለሚመጣው ቋሚ ጥርስ ቦታ ይይዛል፤ መግል ከያዘ ደግሞ ከሥሩ በመሠራት ላይ ያለውን ሊጎዳው ይችላል።

ለልጅ ከመሰርሰሪያ በፊት ብዙ የሚደረግ ነገር አለ። ስንጥቁ ላይ ብቻ ጠቆር ያለ ከሆነ በፈሳሽ መድፈኛ ይደፈናል፤ መርፌም የለው፣ ሕመምም የለው። ቀዳዳ ከሆነ የበሰበሰውን በእጅ መሣሪያ ፍቆ ፍሎራይድ በሚለቅ ሙሌት መድፈን ይቻላል፤ ይሄ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ታንዛኒያ ውስጥ የተጀመረ ነው፣ መብራትም መሰርሰሪያም በሌለበት እንዲሠራ ተብሎ። ባለበት ክሊኒክ ደግሞ የብር ፍሎራይድ ፈሳሽ ይቀባል፤ መቦርቦሩን ያስቆመዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። የተቀባው ቦታ ለዘለቄታው ይጠቁራል፤ ኋላ ለሚገኝ የወተት ጥርስ ግን ይሄ ምን ችግር አለው?

ማታ ማታ አንቺ ቦርሺላት። የ7 ዓመት ልጅ የኋላውን በደንብ ማድረስ አትችልም፤ እስከ 8 ዓመቷ ድረስ እጅሽ ይጨመርበት። አዲሷ መንጋጋ ከሌሎቹ ዝቅ ብላ ስለምትገኝ ቡሩሹን ከጉንጭ በኩል አስገብተሽ አግድም ፈትጊያት። ሳሙናው የአተር ፍሬ ያህል ይሁን፤ ትትፋው፣ አትዋጠው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ብስኩትና ጁስ ከሆነ የሚጠብቃት፣ ከምሳ ወይም ከራት ጋር አንድ ላይ አድርጊላት፤ በመሃል ውሃ፣ ቆሎ፣ ፍራፍሬ ይብቃት።

ስትሄጂ ይዘሻት ሂጂ፤ ግን እሷ ትቅደም። ለመታየት ብቻ ወንበሩ ላይ ትውጣ፣ ጥርሷ ይቆጠርላት፣ ትውረድ። «ካላረፍሽ ሐኪሙ መርፌ ይወጋሻል» ብሎ ማስፈራራት በቤታችሁ ካለ ከዛሬ ጀምሮ ይቅር፤ እንደዚያ ተብለው ያደጉ ልጆች ናቸው በኋላ እንደ አንቺ ሕመሙ እስኪጠፋ የሚጠብቁት። ያንቺ ተራ ሲደርስ ደግሞ ማደንዘዣው ከመሰጠቱ በፊት የምትወስጂውን መድኃኒት፣ የማይስማማሽን፣ እርጉዝ ከሆንሽም እሱን ንገሪያቸው፤ የራጅሽንም ፊልም ሳትቀበይ አትውጪ፣ የሥር ሕክምናውን ሌላ ቦታ ማስጨረስ ካስፈለገሽ ይጠይቁሻል።